የፎቶ ዋጋና የታንኳ ዋጋ፦ ከጎንደር ጎርጎራ፣ የአንድ ጉብኝት ጉዳይ

ጎንደር የመጣ እንግዳ የሚያየው ነገር ይታወቃል። ፋሲል ግቢ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ቁስቋም። ጉልበት ያለው ስሜን ይወጣል። ጣናን ማየት ያማረው ደግሞ ባሕር ዳር ይሄዳል። ጣና ግን ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ፣ ጎርጎራ ላይ ቁጭ ብሏል። የጎንደርን ሰው ራሱን ጎርጎራን አይተህ ታውቃለህ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁት፣ ብዙው “አንድ ቀን እሄዳለሁ” ነው የሚላችሁ።

በ2015 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ ቦርሳችንን አዝለን ወደዚያ ወረድን። ሁለቱ ለበዓሉ ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣቶች ናቸው። አንደኛዋ ቪዲዮ እየቀረጸች ቲክቶክ ላይ የምትለቅ ልጅ ነች። ሌላው ድንኳኑን ተሸክሞ አገር የሚዞር ልጅ ነው። ሦስተኛው የአክስቴ ልጅ፣ ጎንደር ተወልዶ ያደገና ያኔ ጋይድነት የጀመረ። እኔ ወሬ ሊያመልጠኝ ስለማልፈልግ ተከተልኩ።

የሄድነው ሐይቁን ልናይ ነበር። እግረ መንገዳችንን በሐይቁ ዳር የሚኖሩትን የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ለመጎብኘት ተነጋግረን ነበር። ጉዳዩ የተፈጠረው እዚያ ነው። ጠቡ ትንሽ ነው፣ ብሩም ትንሽ ነው። ግን ወደ ሰው መንደር ካሜራ ይዞ የሚገባ ሁሉ ሊያጋጥመው የሚችል ስለሆነ፣ ከነዝርዝሩ ላስቀምጠው።

መንገዱ

ከመናኸሪያ ሚኒባስ ይዘን በአዘዞ ወጣን። አዘዞ ላይ መንገዱ ይለያያል። አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዱ በጭልጋ አድርጎ መተማ ይወስዳል። የጭልጋው የቅማንት አገር ነው፤ እሱ ራሱን የቻለ ወሬ ስለሆነ ዛሬ አልነካውም። እኛ ወደ ደምቢያ ነው የታጠፍነው።

ደምቢያ ሜዳ ነው። የጎንደር ዳገትና ቁልቁለት የሰለቸው ሰው ዓይኑ ያርፍበታል። መሬቱ ጥቁር አፈር ነው። በክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ ጤፍና ሽምብራው ግን ስም ያለው ነው። ቆላ ድባ ላይ ሻይ ጠጣን፣ ጯሂትን አለፍን፣ ከዚያ ሐይቁ ታየ። ሙቀቱ ከጎንደር ይለያል፤ ጃኬት የለበሰ ሁሉ ማውለቅ ጀመረ።

ለሚሄድ ሰው ሁለት ነገር ልናገር። ደምቢያ የወባ አገር ነው፤ ድንኳን ይዞ ሊያድር ያሰበ አጎበር ይያዝ። ሐይቁ ዳር ደግሞ ቢልሃርዚያ አለ። ውሃው ያምራል ተብሎ ዘሎ መግባት አያዋጣም። የድንኳኑ ጓደኛችን ይህን ስነግረው ቅር አለው፤ ቁምጣውን ሁሉ አዘጋጅቶ ነበር።

ከተማዋ

ጎርጎራ ትንሽ ከተማ ነች። ታሪኳ ግን ከጎንደር ይቀድማል። ፋሲል ጎንደርን በ1636 እ.ኤ.አ. ከመቆርቆራቸው በፊት አባታቸው አጼ ሱስንዮስ እዚሁ ሐይቅ ዳር ቤተ መንግሥት አሠርተዋል። ሱስንዮስን ካቶሊክ ያደረጋቸው ስፔናዊው ሚስዮናዊ (ኢየሱሳዊ ቄስ) ፔድሮ ፓኤዝ የሞተውም ጎርጎራ ነው፣ በ1622 እ.ኤ.አ.። የድሮው ሕንፃ ፍርስራሽ ማርያም ግምብ ይባላል። ከከተማው ራቅ ብሎ ልሳነ ምድር ላይ ስለሆነ በጀልባ ቢሄዱ ይቀላል። ጎንደር ላይ የምናየው የኖራና የድንጋይ ሥራ ልምምዱ የተደረገው እዚህ አካባቢ ነው ብዬ ነው የማምነው። ፋሲል ግቢን ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው ሁለተኛውን ክፍል አይቶ የመጀመሪያውን የዘለለ ይመስለኛል።

ከተማው ውስጥ ደብረ ሲና ማርያም አለች። ክብ ነች፣ ጣራዋ ሣር ነው፣ የውስጥ ሥዕሎቿ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። ሥዕሎቹን ያሣሉት የፋሲል እህት መላኮታዊት ናቸው ይባላል። ቀለሙ ዛሬም ደምቋል። ጣሊያንም በአምስቱ ዓመት እዚህ ወደብ ነበረው፤ ኮረብታው ላይ ያቆመው ሐውልት እስካሁን አለ። ሐውልቱ ምንም አይደል፣ ከሥሩ ቆሞ ሐይቁን ማየት ግን ደስ ይላል።

ድሮ በሳምንት አንዴ ከባሕር ዳር ተነስቶ በዘጌ፣ በደቅ፣ በቁንዝላና በደልጊ አድርጎ ጎርጎራ የሚደርስ ጀልባ ነበር። ቦርሳ አዝለው የሚዞሩ ፈረንጆች ጎርጎራን ያወቁት በእሱ ነው። እኛ በሄድንበት ወቅት የከተማው ወሬ ሁሉ ሌላ ነበር፦ በገበታ ለሀገር የሚሠራው ሪዞርት። ሲኖትራክ ይመላለሳል፣ አቧራ ነው፣ ሻይ ቤቱ በቀን ሠራተኛ ሞልቷል። ሁሉም ሰው “ሲያልቅ” እያለ ነው የሚያወራው።

ነገደ ወይጦ

ሐይቁ ላይ የሚሄደውን፣ ደንገል ከሚባለው የውሃ ዳር ተክል የሚታሰረውን ታንኳ ያላየ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ቢያንስ በፖስተር። የሚሠሩትን ሰዎች ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ነገደ ወይጦ የጣና ዙሪያ ነባር ሕዝብ ናቸው። ድሮ ኑሯቸው ጉማሬ ማደን፣ አሳ ማጥመድ፣ ታንኳ መሥራትና የወፍጮ ድንጋይ መጥረብ ነበር። ሴቶቹ ከደንገልና ከሣር ቅርጫትና ምንጣፍ ይሠራሉ። በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ጽፎ ነበር። ዛሬ ያ ቋንቋ የለም። የሚናገሩት አማርኛ ነው።

ሃይማኖታቸው እስልምና ነው። ነገር ግን ጉማሬ ይበላሉ ስለተባለ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ለረጅም ዘመን አብሯቸው አልበላም፣ አልተጋባም። የጉማሬው አደን ከቀረ ቆይቷል። ሐሜቱ ግን አልቀረም። አብዛኞቹ የእርሻ መሬት የላቸውም፤ ያላቸው ሐይቁና ደንገሉ ነው። ሁለቱም ደግሞ እየከዷቸው ነው። ደንገሉ ሐይቁ በሸሸበት ሁሉ ለእርሻ እየተመነጠረ ሳስቷል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም መጣ። መጀመሪያ የታየው በዚሁ በሰሜኑ ዳርቻ፣ መገጭ ወንዝ ሐይቁ ውስጥ የሚገባበት አካባቢ ነው። መረብ ይይዛል፣ የታንኳ መንገድ ይዘጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይገርመኛል። ከጎንደር በደባርቅ በኩል ወጣ ሲሉ ወለቃ አለ። የቤተ እስራኤል መንደር ነበር። ሰዎቹ በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፣ በኋላም በ1983 ዓ.ም. አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል። መኪና ሙሉ እንግዳ ግን ዛሬም እዚያ ይቆማል፣ ከሸክላ የተሠራ ምስል ይገዛል፣ ባለቤቶቹ የሌሉበትን ቤት ፎቶ ያነሳል። እዚህ ሐይቁ ዳር ሰዎቹ አሉ። ሥራቸውም አለ። የሚሄድላቸው ግን የለም። የሚሄደውም አንድ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል።

ደላላው

ጎርጎራ እንደገባን አንድ ወጣት ተጠጋን። ቀልጣፋ ነው፣ ተጫዋች ነው። “ወይጦዎችን ላሳያችሁ” አለን። በሰው 200 ብር። ለብሩ መንደሩን ያስጎበኘናል፣ ሰዎቹ ታንኳ ላይ ቆመው ይነሳሉ፣ ሽማግሌው የጉማሬ አደን ታሪክ ያወራሉ። ከፈለግን ጦር ይዘው ይቆማሉ አለ።

የአክስቴ ልጅ “ለነሱስ ስንት ይደርሳቸዋል?” አለው።

“እሱን ለእኔ ተወው።”

እኔ ደላላ አልጠላም። ደላላ ባይኖር የማላውቀው አገር ስንት ቀን እንደምንከራተት አውቃለሁ። ይሄም ልጅ መንደሩ በየት እንደሆነ፣ ማን ቤት እንደሚገባ፣ የገበያው ቀን መቼ እንደሆነ ያውቃል። ያ ዋጋ አለው። ጦሩ ነው ያልጣመኝ። ከአያት በኋላ ማንም ያልያዘውን ጦር አስይዞ ሰውን ማቆም፣ ለዚያውም በዚያው በሚሰደቡበት ነገር። ቪዲዮ የምትሠራዋ ልጅ ግን በጦሩ ዓይኗ በርቶ ነበር። አልፈርድባትም፤ ለሥራዋ የሚሆን ነገር ነው።

ተከራከርን። በመጨረሻ ለመንገድ መሪነቱ ብቻ የምንከፍለው ተስማማን፣ ጦሩ ቀረ። ደላላው አኮረፈ፣ ግን መራን።

የመንደሩን ስም አልጽፍም። ሰዎቹ እንዳይጻፍ ባይሉም፣ ከኋላችን ካሜራ ያዘለ ሁሉ እንዲጎርፍባቸው አልፈልግም።

መንደሩ ውስጥ

ስንደርስ ልጆች ከበቡን። ከኋላቸው አንዲት እናት ከበር ብቅ አሉ። ቲክቶከሯ ስልኳን ወደ ቤቱ ውስጥ አዞረች። ሴትየዋ አልጮሁም። “ልጄ፣ ጓዳዬን አትቅረጭብኝ” አሉ፣ ሻሻቸውን አስተካክለው። ልጅቷ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ፊቷ ቀልቶ ነበር።

ከዋርካው ሥር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የአክስቴ ልጅ ጎንበስ ብሎ “አያ፣ እንዴት ዋሉ?” አላቸው። “ደህና። ግቡ፣ ጥላው ይበጃል” አሉን። ደላላው ቶሎ ብሎ ስለ ፎቶ አወራ። እሳቸው እስኪጨርስ ጠበቁት።

“ፎቶው ምን ክፋት አለው” አሉ። “ግን ዝም ብለን ቁመን ምን ይሠራላችኋል? እኛ ሥራ አለን። ስንሠራ አንሱን።”

“ዛሬ የሚሠራ አለ?” አልናቸው።

“ደንገሉ ደርቋል። የሚያሠራ ነው የጠፋ።”

አንድ አጥማጅ ጎረቤታቸው ታንኳው ውሃ ጠጥታ ከሥራ ወጥታለች። አዲስ ለማሠራት ገንዘብ አጥሮታል። የደንገል ታንኳ ዕድሜዋ አጭር ነው። ስትሠራ ቀላል ነች፣ ከውሃው በላይ ትንሳፈፋለች። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጠጣች ትከብዳለች። ጠዋት ሠርቶ ከሰዓት አውጥቶ፣ ፀሐይ ላይ አቁሞ ካላደረቋት ትበሰብሳለች። ተንከባክበውም ቢይዟት ከጥቂት ወራት አትዘልም። ስለዚህ አጥማጅ ሁሌም የታንኳ ባለዕዳ ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከአክስቴ ልጅ ነው። “የፎቶውን ብር ለታንኳው ብንከፍልስ? እሳቸው ይሠራሉ፣ እኛ እናያለን፣ ታንኳው ለአጥማጁ ይቀራል።” ከደላላው ዋጋ ብዙም አልበለጠም። ሽማግሌው ወዲያው እሺ አላሉም። አጥማጁን አስጠሩት፣ ሌሎች ሁለት ሰዎች መጡ፣ ተነጋገሩ። ከዚያ “ነገ በጠዋት” አሉን። አዳራችን ከተማ ሆነ።

ታንኳው

ይሄን ሥራ ባላይ ኖሮ እቆጭ ነበር።

የደረቀው ደንገል በእቅፍ በእቅፍ መጣ። እያንዳንዱ ዘንግ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ሽማግሌው መጀመሪያ ለዩት፤ ወፍራሙን ለወገብ፣ ቀጭኑን ለአፍንጫ። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈ ልጥ ነበር፤ ማሰሪያው እሱ ነው። ልጡ እርጥብ ሆኖ ይታሰራል፣ ሲደርቅ ይጠብቃል። አንድ እግራቸውን ደንገሉ ላይ አድርገው፣ ልጡን በሁለት እጃቸው ጠቅልለው፣ ሰውነታቸውን ወደኋላ ጥለው ይስቡታል። ደንገሉ ይንጫጫል። ይፈታሉ፣ ትንሽ ያጠጋጋሉ፣ እንደገና ይስባሉ። አንድም ነገር አይለኩም። ገመድ የለ፣ ሜትር የለ። የአፍንጫው ኩርባ ግን በግራና በቀኝ እኩል ወጣ።

ሌላው ያላወቅኩት ነገር ታንኳዋ ድርብ መሆኗ ነው። ከታች ያለው እቅፍ ውሃውን ይቀበላል። ከላይ ሌላ ንጣፍ ይደረግባታል፣ ጭነቱ ወይም ቀዛፊው እሱ ላይ ነው። እህልም ማገዶም ሳይረጥብ የሚሻገረው ለዚህ ነው።

የድንኳኑ ልጅ በሥራው መሃል የሆነ ነገር ትዝ አለው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ለማቋረጥ ሲነሳ፣ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነው። ሠሪዎቹን ግን ከቻድ ሐይቅ አመጣ። መጀመሪያዋ ጀልባ መንገድ ላይ ተበላሸች። ለሁለተኛዋ ከቲቲካካ ሐይቅ ሠሪዎች አምጥቶ በዓመቱ ተሻገረ። ልጁ ይህን ለሽማግሌው ሲነግራቸው ቀና አሉ።

“ደንገሉን ከእኛ ወስዶ፣ ሠሪውን ከሌላ?”

“አዎ፣ አባባ።”

“ታዲያ መበላሸቱ ምን ይገርማል” ብለው ወደ ልጣቸው ተመለሱ። ሁላችንም ሳቅን። ደላላው ሳይቀር።

ቲክቶከሯ ያኔ ፈቃድ ጠይቃ ቀረጸች። እጃቸውን ብቻ ነው የቀረጸችው። ፊታቸው አይታይም። በኋላ እንደነገረችን ከጎንደር ከሠራቻቸው ቪዲዮዎች ሁሉ ሰው የወደደው እሱን ነው። የጥምቀቱን እንኳ በለጠው አለች፣ ትንሽ ተናዳ።

ምሳው

ስለ ምሳው ለብቻ መናገር አለብኝ። የእኛ አገር እንግዳ ተቀባይነት ሁልጊዜ ማዕድ ላይ ይፈተናል።

እኔ፣ የአክስቴ ልጅና ልጅቷ ክርስቲያን ነን። ባለድንኳኑ ሙስሊም ነው። የሙስሊም ሥጋ ለእኛ አይሆንም፣ የእኛም ለእነሱ። ይሄ ጎንደር ላይ ማንም አይቀየምበትም፣ ከልጅነት የተለመደ ነው። እዚህ መንደር ግን ሌላ ነገር አለ። እነዚህ ሰዎች ያልተበላላቸው በሥጋ ብቻ አይደለም። ውሃቸውም አልተጠጣም። ስለዚህ “ጾም ላይ ነኝ”፣ “ጠግቤያለሁ” ማለት ሌላ ቦታ ማምለጫ ቢሆንም፣ እዚህ የሚሰማው እንደ ድሮው ንቀት ነው።

የፈታው አሳው ነው። አሳ አይታረድም፣ የማን ነው አይባልም። ቀኑም የፍስክ ነበር። ቅድም ጓዳዬን አትቅረጭብኝ ያሉት እናት ሁለት ዓይነት አቀረቡ፦ ቆሮሶና አምባዛ። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው ክርስቲያኑ ብዙ ጊዜ አይበላም። እሳቸው ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ቆሮሶውን በሌላ ሳህን፣ በሌላ ዘይት ጠብሰው ነበር። “ይሄ የእናንተ ነው፣ አትስጉ” አሉን። በእውነት ለመናገር፣ ከማንኛውም የጎንደር ሆቴል የበለጠ እንግዳ አያያዝ ነው ያየሁት። ቡናውም ተፈላ፣ እስከ በረካ ጠጣን።

ባለድንኳኑ ከሽማግሌው ጋር ዙሁር ሰገደ። ለእሱ የተለመደ ነገር ነበር። ሽማግሌው ግን ከሶላት በኋላ እጁን ይዘው ቆዩ። በኋላ የአክስቴ ልጅ እንደነገረኝ፣ ከሌላ አገር የመጣ ሙስሊም ሳያቅማማ ከጎናቸው ሲቆም ደስ ብሏቸው ነው። አዲስ አበቤው ይህን ሁሉ አያውቅም። አለማወቁም ጠቀመው።

ቅሬታው

እስካሁን ያለው ደስ ይላል። ችግሩ የመጣው ታንኳዋ ውሃ ላይ ከወረደች በኋላ ነው።

ሁለት ወጣቶች መጡ። እነሱም ታንኳ ሠሪዎች ናቸው። “ለምን ለአንዱ ብቻ?” አሉ። ደንገሉን ያጨዱት እነሱ ናቸው፤ ከራቀ ቦታ፣ በእምቦጩ መሃል እየቀዘፉ። አንድ ሌላ አጥማጅ ደግሞ “እኔስ ታንኳ ያለኝ መሰላችሁ?” አለ። ደላላው ይሄን ሲሰማ “አላልኳችሁም?” ብሎ ገባ። እሱ ቢያከፋፍል ኖሮ ሁሉም ይደርሰው ነበር ነው ነገሩ። ከፊሉ እውነት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጎብኚ የሚያደርገው ነገር አለ፤ ኪሱ ይገባና ላኮረፈው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ብር ያድላል። ልጅቷ ልታደርገው ነበር። የአክስቴ ልጅ እጇን ያዘ። ትክክል ይመስለኛል። እንዲያ ቢሆን በሚቀጥለው ጊዜ የሚመጣ እንግዳ የሚቀበለው ሰው ሳይሆን ሰልፍ ነው።

ነገሩን የጨረሱት እነሱው ናቸው። ሽማግሌው፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎችና ምሳ ያበሉን እናት ተቀመጡ። እኛ ራቅ ብለን ጠበቅን። ያመጡት መፍትሔ የሚከተለው ነበር። የሥራው ክፍያ በሦስት ይከፈላል፤ ለሠሪው፣ ለአጫጆቹ፣ ልጡን ላመጣው። ታንኳዋ የአጥማጁ ነች፤ ግን ታንኳ የሌለው ጎረቤቱ በሳምንት የተወሰነ ቀን ይወስዳታል። የምሳና የቡናው ለብቻ ለሴቶቹ ይከፈላል፤ ይሄን ያነሱት እናትየዋ ናቸው። “እኛ የሠራነውን ማንም ሥራ አይለውም” አሉ። ማንም አልተከራከራቸው።

አንድ ነገር ሳይፈታ ቀረ። ሁለተኛው አጥማጅ በድርሻው ደስ አላለውም፣ ሳይሰናበተን ሄደ። ደላላው ግን የመንገድ መሪነቱን ተከፍሎት፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ስልኩን ለአክስቴ ልጅ ሰጠው።

የመጀመሪያዋን ጉዞ በታንኳዋ አደረግን። አንድ በአንድ ነው የሚወሰደው፣ መሃል ላይ ተቀምጦ፣ ሳይነቃነቁ። ልጅቷ ዋና እንደማትችል የተናገረችው ከዳር ከራቀች በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ

የአክስቴ ልጅ ከእኛ በኋላ ሌሎች እንግዶችንም በዚሁ መንገድ ወሰደ። ዋጋውን አስቀድሞ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተስማምቶ፣ ለእንግዳው ጎንደር ላይ ይነግረዋል። ታንኳ የማያሠራ እንግዳ የታንኳ ጉዞ ወይም ቅርጫት ይገዛል። ዝም ብሎ ለመታየት ብቻ የሚከፈል ነገር የለም። ፎቶ በሥራ ላይ፣ ከተፈቀደ። ደላላውም ገብቶበታል፤ ከጎርጎራ የሚቀበለው እሱ ነው። ጠቡ ጨርሶ አልቀረም። ልጥ ያመጣሁት እኔ ነኝ የሚሉ ሁለት ሰዎች የተጣሉበት ጊዜ ነበር።

የእኛ ታንኳ ክረምቱን አልተሻገረችም። ይሄ የሚጠበቅ ነው።

ከዚያ በ2015 ክረምት የአማራ ክልል ግጭት መጣ። የጎርጎራ መንገድ ብቻ ሳይሆን የጎንደር ጉብኝት ሁሉ ተቀዛቀዘ። የአክስቴ ልጅ ባጃጅ ሲነዳ ከረመ። ሪዞርቱ በ2016 ተመረቀ። ያየው ሰው ሁሉ ውብ ነው ይላል፣ ለአካባቢውም ሥራ ይዞ ይመጣል የሚል ተስፋ አለ። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። እዚያ የሚያርፍ እንግዳ ጀልባ ሲያምረው በሞተር ጀልባ ብቻ ነው የሚሄደው፣ ወይስ ሐይቁ ዳር ያሉት ታንኳ ሠሪዎችም ይጠራሉ? የሚበላውን ቆሮሶ ማን ያቀርባል? ይሄ በሪዞርቱ የግዢ ወረቀት ላይ የሚወሰን ነገር ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቢያስብበት ከባድ አይደለም።

መሄድ ለሚፈልግ ሰው፣ በመጀመሪያ የመንገዱን ሁኔታ ጎንደር ላይ ይጠይቅ። ካሽ ዘርዝሮ ይያዝ፤ ሐይቁ ዳር ኔትወርኩ ሲጠፋ ቴሌብር አይሠራም። ጎርጎራ አጠገብ ያለውን ማንዳባ ገዳምን አይቶ ሊመለስ ያሰበ ደግሞ ወንድ መሆን አለበት፤ ሴት አይገባም። ታንኳ ማሠራት የፈለገ ግን ቢያንስ ከሳምንት በፊት ያስነግር። አያ እርጥብ ደንገል አያስሩም። አንዴ አንድ ቡድን ዛሬውኑ ይሠራልን፣ ዋጋውን እጥፍ እንከፍላለን ብሎ ቢለምናቸው፣ ውሃ ላይ የሚወጣባት እናንተ ሳትሆኑ የኛ ልጅ ነው ብለው መልሰውታል።